መብራት ሲመጣ የሚጠፋው ሞደም

ሐጂ ወደ ሱቄ የመጡት በጥቅምት አጋማሽ፣ የእሸት ቡና ለቀማው በተጧጧፈበት ሰሞን ነው። ጅማ ሂርማታ አካባቢ ያለችው ሱቄ ጠባብ ናት፤ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ካሜራ እገጥማለሁ፣ ለነጋዴዎች የኢንተርኔት መስመር እዘረጋለሁ። ሐጂ ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ከማየታቸው በፊት መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። ላፕቶፕ ሊያሠሩ የመጡ ሁለት ተማሪዎች ስለነበሩ እነሱ ጨርሰው እስኪወጡ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“ልጄ፣ ሊሙ ያለው ዕቃ ዛሬም ጠፋ” አሉኝ።

“ነገ በጠዋት ሄጄ አየዋለሁ፣ ሐጂ።”

“እንድትሠሪው አይደለም የመጣሁት። ማን እንደሚያጠፋው እንድትነግሪኝ ነው።”

ሐጂ የቡና ነጋዴ ናቸው። ሁለት የቡና ማጠቢያ አላቸው፤ አንዱ ሰርቦ፣ ሌላው ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ። ክረምቱ ሳይወጣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዕቃ ገጥሜላቸው ነበር። ሚዛኑና መጋዘኑ ላይ ካሜራ አለ። ካሜራዎቹና የቢሮው ኮምፒውተር ወደ ውጭ የሚወጡት ደግሞ ፋየርዎል በምንለው ትንሽ ጥቁር ሳጥን በኩል ነው። ሳጥኑ እንደ በር ጠባቂ ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ይለያል። ሁለቱም ቦታ የስልክ ሽቦ ስለሌለ ኢንተርኔቱን የሚያገኘው ጎኑ ላይ ከተሰካ ሲም ካርድ ካለው ሞደም ነው። ሞደሙ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ሐጂ ጅማ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው በስልካቸው የሊሙን ሚዛን ያያሉ። ሞደሙ ሲጠፋ ግን ስልካቸው ላይ ጥቁር መስኮት ብቻ ይቀራል።

ሰውየው በተፈጥሯቸው ክፉ አይደሉም። ከዓመታት በፊት አንድ የሚያምኑት ሰው መጋዘን አራቁቶባቸው ጠፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ የማያዩት ነገር ሁሉ የተሰረቀ ይመስላቸዋል። አሁን ሊሙ ያለውን ማጠቢያ የሚያስተዳድረው የገዛ እህታቸው ልጅ ነው።

“ዕቃው አንድ ነው” አሉኝ፣ ጣታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ እያሳረፉ። “የገጠምሽው አንቺው ነሽ። ሲሙም አንድ ዓይነት ነው። ሰርቦ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፣ አልሐምዱሊላህ። ሊሙ ግን ይጠፋል፤ ያውም ቡና በሚበዛበት ጠዋት ነው የሚጠፋው። እንግዲህ ልዩነቱ ምንድነው? ሰው ነው።”

ከዚያ በፊት ለዚሁ ነገር ሊሙ ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሞደሙን ነቅዬ ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ሠራ። መልሼ ፋየርዎሉ ላይ ስሰካውም ሠራ። ሳጥኑን ከላፕቶፔ ትእዛዝ እየሰጠሁ ደጋግሜ አጥፍቼ አስነሳሁት፤ በተነሳ ቁጥር ሞደሙ አለ። ሲም ካርዱን አጽድቼ መለስኩና ወደ ጅማ ተመለስኩ። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ጠፋ። ሁለተኛ ስሄድ ሞደሙን በአዲስ ቀየርኩት። እሱም ያንኑ አደረገ።

ለሐጂ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ግን ነበር። መጀመሪያ የገጠምኩት ጊዜ ሞደሙ እንዳይላቀቅ ብዬ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌበት ነበር። በሁለተኛው ጉዞዬ፣ ቢሮው ውስጥ ሳጥኑ የተቀመጠበትን የብረት ቁምሳጥን ስከፍት ፕላስተሩ ተልጦ፣ ጠማማ ሆኖ ተመልሶ ተለጥፎ አገኘሁት። የኔ እጅ እንዲያ አይለጥፍም። ያን ቀን ዝም ብዬ አለፍኩት። አሁን ሐጂ ፊቴ ተቀምጠው “ሰው ነው” ሲሉኝ ያ ጠማማ ፕላስተር ዓይኔ ላይ መጣ።

“እንደምትሄጂ እንዳትነግሪያቸው” አሉኝ ሲነሱ። “ስትደርሺ ካሜራ ላጸዳ መጣሁ በይ።”

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ማታ ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል፤ ከጎኔ የተቀመጡ ሴት በኦሮምኛ ከሾፌሩ ጋር ስለ ቡና ዋጋ ይከራከራሉ። እኔ በልቤ ቁልፉን እቆጥር ነበር። የብረት ቁምሳጥኑ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ሐጂ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሌላው ሥራ አስኪያጁ የእህታቸው ልጅ ዘንድ። ፕላስተሩን ማን እንደላጠው ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም።

ማጠቢያው ደርሼ በሩን ስገባ መፈልፈያ ማሽኑ ይጮሃል። ማድረቂያ አልጋዎቹ ዙሪያ ሴቶች ተደርድረው ቡና ይለቅማሉ፤ እየተጫወቱ ነበር፣ ሲያዩኝ ጨዋታው ቀዘቀዘ። ሚዛኑ ላይ የምትሠራው ሴት በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። ሌላ ጊዜ ከሩቅ “አካም” ብላ እጇን የምታውለበልበው ሴት፣ ያን ቀን አንገቷን ብቻ ነቀነቀችልኝ።

ሥራ አስኪያጁ ከመጋዘኑ ወጣና እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መጣ። እኩያዬ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ስማር እሱም እዚያው ግቢ ይማር እንደነበር የነገረኝ በመጀመሪያው ቀን ነው።

“ኤሱማ ላከሽ?” አለኝ። ለእናት ወንድም የሚባለው እንዲያ ነው በኦሮምኛ፤ አማርኛ ሲያወራም ሐጂን ሌላ ስም ሲጠራቸው ሰምቼ አላውቅም።

“ካሜራዎቹን ላጸዳ ነው። አቧራ ይዟቸዋል ብዬ።”

አየኝ። ከዚያ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን መሰላል አየ። ካሜራዎቹ ከፍታ ላይ ናቸው፣ እኔ ደግሞ መሰላል አልጠየቅኩም፤ ቀጥታ ወደ ቢሮው ነበር የምሄደው።

“መሰላሉ እዚያ አለ” አለ። ውሸቴን እንዳወቀብኝ አወቅኩ፤ እሱም እንዳወቅኩ ያወቀ መሰለኝ።

መሰላሉን አምጥቼ ካሜራዎቹን አጸዳሁ፣ ምን ላድርግ። ላይ ሆኜ ግቢውን ሁሉ አያለሁ። ሚዛኑ ላይ ያለችው ሴት ስልክ ታወራለች፤ ቀና ብላ ስታየኝ ስልኩን ዘጋች። ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሮው ገብቶ ትንሽ ቆይቶ ወጣ። ምን ሊያደርግ ገባ ብዬ አሰብኩ። በዚያ ቀን ሰው ውኃ ሊጠጣ ቢነሳ እንኳ አንድ ነገር ሊደብቅ የተነሳ ነበር የሚመስለኝ።

ወርጄ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ሞደሙ እየሠራ ነበር።

“ትናንት ጠፍቶ ነበር አሉኝ” አልኩት።

“ጠዋት ጠፍቶ ነበር።”

“ማን አስተካከለው?”

“ራሱ መጣ።”

ሞደም አንዴ ከጠፋ ራሱ አይመጣም፤ ቢያንስ ይሄኛው አይመጣም። ቁልፉን ጠየቅኩት፣ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ቁምሳጥኑን ስከፍት ፕላስተሩ ጭራሽ የለም። ቀና ብዬ ሳየው እሱ መስኮቱን ነው የሚያየው። ከውጭ ማሽኑ ጋ ሲጠሩት ወጣ።

እሱ እንደወጣ ሚዛን ላይ የምትሠራው ሴት በሩ ላይ ብቅ አለች። ወደ ኋላ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“ቁምሳጥኑን የሚከፍተው እሱ ነው” አለችኝ። “ጠዋት ጠዋት፣ በሩን ዘግቶ።”

“እትዬ፣ ምን ሲያደርግ አየሽው?”

“ምን አውቃለሁ። በር ተዘግቶ የሚሠራ ሥራ ምን ይሆናል? እኔ አልነገርኩሽም፣ ማሎ፣ አደራሽን።” ይህን ብላ ወደ ሚዛኗ ተመለሰች።

ብዙ ሳይቆይ እሱ ተመለሰ። ወንበር ላይ ሳይቀመጥ፣ እንደ ዋዛ አድርጎ፣ “እሷ የምትልሽን ሁሉ እንዳታምኚ” አለኝ። “ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናት። ለኤሱማ ነው የምትደውለው።”

እንግዲህ ሁለቱም ነገሩኝ። እኔም በመካከላቸው ተቀምጬ፣ ኮምፒውተር ልጠግን የወጣሁት ሰው፣ ማን የበለጠ እንደሚዋሽ እመዝን ነበር። እውነቱን ለመናገር ሚዛኑ ወደ እሱ ነበር ያጋደለው። ቁልፉ እሱ ጋ ነው፣ ፕላስተሩ ተነስቷል፣ “ራሱ መጣ” ብሎኛል። ሐጂን ደውዬ ምን እንደምላቸው ዓረፍተ ነገሩን እያዘጋጀሁ ነበር።

መብራት የጠፋው ያን ጊዜ ነው።

ማሽኑ እያጓራ ቆመ። የፋየርዎሉ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ ጠፉ። ሥራ አስኪያጁ ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ሮጠ፤ ሚዛኑ ላይ ያለችው ሴት ሰልፍ የያዙትን ገበሬዎች ታገሱ ትላለች። እኔ ከቁምሳጥኑ ፊት አልተነሳሁም። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። በሩ ክፍት ነው፣ ከኔ በስተቀር ቢሮው ውስጥ ሰው የለም።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። የፋየርዎሉ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ፤ የሞደሙም መብራት በራ። ላፕቶፔን አገናኝቼ ሳጥኑ ተነስቶ እስኪጨርስ ጠበቅኩና የተሰኩበትን ዕቃዎች ዘርዝር አልኩት። ሞደም የለም። መብራቱ ዓይኔ ሥር እየበራ፣ ሳጥኑ ግን ሞደም የሚባል አላየሁም ይላል። በሞደሙ ቦታ የተመዘገበው ሌላ ነገር ነው፤ ፋይል መያዣ ፍላሽ መሳይ ዕቃ።

ደጋግሜ አየሁት። ማንም አልነካውም፤ ቢነካው ኖሮ የሚነካው የኔ እጅ ነበር።

ያም ሆኖ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ጄኔሬተሩ ላይ አንድ ነገር አድርጎ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም ሊያየኝ ሲመለስ ፊቱን ነበር የማነበው። በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን አየ።

“ጠፋ አይደል?” አለኝ።

“ጠፋ።”

በሩን ዘጋው። ወንበር ስቦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

“እኔ ነኝ የምከፍተው” አለ። “መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እንዲህ ይሆናል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሁሉም ማሽን ሲያስነሳ ይጠፋል። አንድ ቀን ተናድጄ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ሲጠፋ ነቅዬ እሰካዋለሁ።”

“ለምን አልነገርከኝም? መጥቼ እዚሁ ተቀምጬ ስጠይቅህ?”

“ብነግርሽ ለኤሱማ ትነግሪዋለሽ። እሱ ደግሞ የሚሰማው ‘ነክቶታል’ የምትለዋን ብቻ ነው። የሚሰካ እጅ የሚነቅልም እጅ ነው ይላል። ሥራ በዝቶብኝ ቶሎ ካልደረስኩ ጥቁር ሆኖ ያድራል፤ ያኔም ሆነ ብሎ ነው ይላል። ምን ባደርግ ነው የሚያምነኝ?”

አምኜዋለሁ ማለት አልችልም ነበር፤ ግማሽ ልቤ ገና እሱን ያይ ነበር። “እስቲ አሁን እያየሁህ አድርገው” አልኩት።

ተነስቶ ሞደሙን በጥንቃቄ ነቀለው። ትንሽ ጠብቆ ሰካው። ላፕቶፔ ላይ ፍላሽ መሳዩ ነገር ብቅ አለ፣ ወዲያው ጠፋና በቦታው ሞደሙ መጣ። የካሜራው ምስል ሐጂ ስልክ ላይ መምጣቱን ማየት ባልችልም መስመሩ መገናኘቱን አየሁ።

አሁን ተራው የኔ ነበር። የፋየርዎሉን የኤሌክትሪክ ገመድ ራሴ ነቅዬ ሰካሁ። ሳጥኑ ተነሳ፣ ሞደሙ የለም። ሞደሙን ነቅዬ ሰካሁ፣ መጣ። ገመዱን ሳልነካ ከላፕቶፔ ብቻ አጥፍተህ ተነሳ አልኩት፤ ተነሳ፣ ሞደሙም አለ። ገመዱን ነቀልኩ፣ ጠፋ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ከዚያ በፊት የሞከርኩት ሁሉ ከላፕቶፕ በማዘዝ ነበር። እንዲያ ሲሆን ሳጥኑ ይነሳል እንጂ ሞደሙ ኤሌክትሪክ አይቋረጥበትም፤ እንደነቃ ነው የሚቆየው። መብራት ሲጠፋ ግን ሁለቱም ሞተው አብረው ይነሳሉ።

እንዲህ ዓይነት ሞደም ሲነሳ መጀመሪያ ራሱን የሚያስተዋውቀው እንደ ፍላሽ ነው፤ ውስጡ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ስላለ። ወደ ሞደምነት የሚዞረው “ተለወጥ” የሚለው ካገኘ ነው። ፋየርዎሉ ገና በመነሳት ላይ እያለ ዙሪያውን አንዴ ያያል፣ ፍላሽ ነው ብሎ ይመዘግበዋል፣ ያልፋል። ተለወጥ የሚለው ፕሮግራም ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ አዲስ የገባ ዕቃ ስለማያይ ምንም አይልም። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ከነቃ በኋላ ተነቅሎ ሲሰካ ግን እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለውና ይለውጠዋል።

ይህን በቀላል አማርኛ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀኝ።

“ታዲያ ሰርቦ ለምን አይጠፋም? ኤሱማ የሚለኝ ሁልጊዜ ሰርቦን ነው።”

እኔም ትንሽ አሰብኩ። ሰርቦ የገጠምኩ ጊዜ ቢሮው ውስጥ የፀሐይ ባትሪ ስለነበረ ቁምሳጥኑን እዚያ ላይ ነበር የሰካሁት። መብራት ቢጠፋም ባትሪው አይጠፋም። የሰርቦው ሳጥን ከገጠምኩት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ሞቶ አልተነሳም ማለት ነው። ሐጂ ሰው ነው ያሉት ልዩነት ባትሪ ነው።

ከግቢው ወጥቼ ለሐጂ ደወልኩ።

“ማን ሆኖ አገኘሽው?” አሉኝ ሰላምታዬን ሳይጨርሱ።

“ሰው አይደለም፣ ሐጂ። ዕቃው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሞደሙን አያየውም።”

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

“ምን ሰጠሽ?” አሉኝ።

ዘግቼባቸው ልሄድ ነበር፣ እውነቴን ነው። “ሐጂ፣ ነገ ሰርቦ እንገናኝ” አልኳቸው። “የሰርቦውን ዕቃ በራስዎ እጅ ያጥፉትና ያስነሱት። እኔ አልነካውም። ከተሳሳትኩ ሁለተኛ አይጥሩኝ።”

በማግስቱ በመኪናቸው መጡ፤ እኔም ጋቢና ተቀምጬ ሄድኩ። የሰርቦውን ማጠቢያ የሚያስተዳድሩት በዕድሜ የሐጂ እኩያ ናቸው፤ አብረው ያደጉ፣ አብረው የሚሰግዱ፣ ሐጂ በሰው ፊት “ይሄ ወንድሜ ነው” የሚሏቸው ሰው። ለምን እንደመጣን ሲነገራቸው ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ “እዚህ እንኳን ጠፍቶ አያውቅም፣ ማሻአላህ፤ እኛ ሥራችንን እናውቃለን” አሉኝ።

ቁምሳጥኑ ተከፈተ። ሐጂ በግራ እጃቸው ስልካቸውን ያዙ፤ መስኮቱ ውስጥ የሰርቦ ሚዛንና ጆንያ ተሸክመው የሚመላለሱ ሠራተኞች ይታያሉ። ገመዱን አሳየኋቸው። በቀኝ እጃቸው ራሳቸው ነቀሉት። መስኮቱ ጠቆረ።

“አሁን ይሰኩት።”

ሰኩት። መብራቶቹ በሩ። ሐጂ ዓይናቸውን ከስልካቸው አላነሱም። ጠበቅን። ሻይ መጣ፣ ጠጣን። መስኮቱ እንደጠቆረ ነው። ሐጂ ስልኩን ጠጋ አደረጉት፣ ራቅ አደረጉት፣ በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ምስሉ አልመጣም።

ያኔ የሰርቦው አስተዳዳሪ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ “ወላሂ እኔ አልነካሁትም” አሉ።

የከሰሳቸው ሰው አልነበረም። ሐጂ ግን ቀና ብለው አዩአቸው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሱቄ በር ላይ ቆመው መንገዱን ያዩበት ነው፤ ቅንድባቸው ሰብሰብ፣ ከንፈራቸው ገጠም ይላል። ሰውየው አፈሩ። ሐጂ ያን አይተው ይሁን ሌላ ነገር አስበው አላውቅም፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

“ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ” አሉ በመጨረሻ፣ ለጓደኛቸው። “አንተ ምን አደረግክ። ተቀመጥ።”

ሞደሙን ነቅዬ ሰካሁላቸው፤ ምስሉ መጣ። እሳቸው ደግሞ ማመን ስላልፈለጉ ይሁን ስላመኑ፣ ገመዱን እንደገና ነቀሉ። እንደገና ጠቆረ። ከዚያ “በቃኝ” አሉ።

መፍትሔው ከጭቅጭቁ ያነሰ ነበር። ላፕቶፔን ከፍቼ ፋየርዎሉ ሙሉ በሙሉ ከተነሳ በኋላ ትንሽ እንዲጠብቅ፣ ከዚያ ሞደሙ የተሰካበትን ቀዳዳ ኤሌክትሪክ ራሱ እንዲያቋርጥና እንዲመልስ፣ ሞደሙን ካላገኘው ያንኑ እንዲደግም የሚያዝ ጥቂት መስመር ጻፍኩ። የሥራ አስኪያጁ እጅ ይሠራው የነበረውን ሥራ ሳጥኑ ራሱ እንዲሠራው ማለት ነው። ሐጂ ገመዱን ነቅለው ሰኩ፤ ምስሉ ዘግየት ብሎ መጣ። ደገሙት፣ መጣ። ከዚያ በሳምንቱ ሊሙ ሄጄ ያንኑ አደረግኩ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ሳጥኑን የሚያቆይ ባትሪም አብሬ ገጠምኩ።

ሊሙ በሄድኩ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ መሰላሉን አምጥቶ ቢሮው በር ላይ አቁሞት ነበር። “ካሜራ ካጸዳሽ ብዬ ነው” አለኝ፣ ፈገግ ሳይል። ከዚያ እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

“ኤሱማ ትናንት ደወለልኝ” አለኝ። “ልጆችህ እንዴት ናቸው አለኝ። ስለ ልጆቼ ጠይቆኝ አያውቅም።”

“ስለ ዕቃው አልነገረህም?”

“ስለ ዕቃው ምንም አላለም።”

ሚዛን ላይ የምትሠራዋም ያን ቀን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ቀን ቀን ስልክ የምታወራው ጅማ ከምትማር ልጇ ጋር እንደሆነ፣ ልጅቷ ታማ እንደሰነበተች ነገረችኝ። የሐጂን ቁጥር ጭራሽ አታውቀውም። እሱ ምን ብሎ እንደነገረኝ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። “በር ዘግቶ ሲሠራ አይቼ እኮ ነው” ብላ ብቻ ተነሳች።

የቡናው ወቅት እስኪያልቅ ድረስ ሞደሙ አንድም ቀን አልጠፋም። ሐጂ የሊሙን ሚዛን ከጠዋት እስከ ማታ ያዩ ነበር። የመጨረሻው ጆንያ ተጭኖ እንደሄደ ግን የእህታቸው ልጅ ጅማ መጥቶ ሁለቱንም ቁልፎች፣ የመጋዘኑንና የቁምሳጥኑን፣ ሱቃቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ሐጂ በዚያው ቀን ወደ እኔ መጡ። ሱቄ ውስጥ አንድ ተማሪ ነበር፤ እስኪወጣ አልጠበቁም።

“ምን ብለሽው ነው?” አሉኝ።

“ምንም አላልኩትም፣ ሐጂ።”

“ዕቃው ተስተካክሎ የለም እንዴ? ንጹሕ መሆኑን አውቄያለሁ። ምን ቀረው?”

“ካሜራ ላጸዳ ነው ብዬ የሄድኩ ቀን ለምን እንደመጣሁ አውቋል” አልኳቸው። “እሱን መልሼ ላስተካክለው የምችለው ነገር አይደለም።”

ተማሪው አንገቱን ላፕቶፑ ውስጥ ቀበረ። ሐጂ ትንሽ ቆሙ፤ “ኤዬ” አሉ በቀስታ፣ አዎ እንደማለት፤ ከዚያ ወጥተው ሄዱ። ሊሙ ሌላ ሰው ቀጠሩ። ከዚያ ወዲያ ካሜራ ጨምሪልኝ ብለውኝ አያውቁም፤ የነበሩትንም እንዳነሳ አላዘዙኝም።

የእህታቸው ልጅ ጅማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ከፍቷል። ቆርቆሮና ምስማር፣ ቀለምና ቧንቧ ይሸጣል። አንድ ቀን የካሜራ ማሰሪያ ብሎን ልገዛ ገብቼ አገኘሁት። ሻይ አዘዘልኝና ስለ እናቱ አጫወተኝ። እሱ ቁልፉን የመለሰ ሰሞን እናቱ ወንድሟ ቤት መሄድ አቁማ ነበር። ልጄን በሌባ ዓይን አየብኝ ብላ፣ ሰው መካከል ቢገባም አልሰማም ብላ ከረመች። ለዒድ ግን አብሬሽ እሄዳለሁ ሲላት ተነሳች።

“ኤሱማ በር ላይ ወጥቶ ተቀበለን” አለኝ። “እናቴ አለቀሰች። እሱም ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ተቀምጠን ስለ ዝናብ አወራን፣ ዘንድሮ ቡናው ቀድሞ ይደርሳል አይደርስም እያልን። አጠገቡ አስቀምጦ በገዛ እጁ ሥጋ አጎረሰኝ።”

“ወደ ሥራህ ተመለስ አላለህም?”

“አለኝ። አይ፣ ሱቄ ይሻለኛል አልኩት።”

ብሎኖቹን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና ሌላ ደንበኛ ሲገባ ተነሳ።